ሐዘን ነው ወይስ እርጅና?

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቱን፣ ንዴቱን፣ የጾም ግድፈቱን ስዘከዝክ ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። «ሌላ አለ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላለሁ። በበደሌ ላይ በየዓመቱ አንድ ውሸት እጨምራለሁ ማለት ነው። ዛሬ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልናገር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ፣ ልክ ናችሁ።

አንዲት እናት ከቤታቸው አስወጥቻለሁ። በጉልበት አይደለም፣ በፍርድ ቤትም አይደለም። ከአፌ በወጣ ቃል ነው። ቃሉ ውሸት ነበር፤ ስናገረውም ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር።

ያኔ የመጨረሻ ዓመት የጤና ተማሪ ነበርኩ። ኮሌጃችን ተመራቂዎችን ከየክፍሉ ቀላቅሎ በቡድን በቡድን ወደ ገጠር ቀበሌ ይልክ ነበር። የነርሲንጉ፣ የላቦራቶሪው፣ የአካባቢ ጤናው ተማሪ አንድ ላይ ሆኖ አንድ ቤት ይመርጣል። ሳምንታት እየተመላለሰ የቤቱን ሰው ጤና ይመረምራል፣ ከዚያ መምህራንና ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ያገኘውን ያቀርባል። የእኛ ቡድን ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለች አንዲት ቀበሌ ደረሰችው። የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ። እዚያው ሚዛን አጠገብ አማን ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አገሩን ታውቃለች ተብዬ ነው የተመረጥኩት። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ አማን ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይነግድ የነበረ ሰው ነው። አዎ፣ አገሩን አውቃለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አላወቅኩም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

ከእኛ በፊት ያቀረበው ቡድን ሁለት እግሩ የማይንቀሳቀስ ሰው አግኝቶ ነበር። መምህራችን «ኬዝ ማለት ይኼ ነው!» አለ፣ ክፍሉም አጨበጨበ። በሰው ስብራት ይጨበጨባል? እኛ እናጨበጭብ ነበር። ከባድ ሕመምተኛ የገጠመው ቡድን ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፤ ጤነኛ ቤተሰብ የደረሰው አንገቱን ይደፋል። እኔ ያንን ጭብጨባ ፈለግኩት። እንዴት እንደፈለግኩት ብነግራችሁ አታምኑኝም።

የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት እንዳሉ ነገረችን። እማማ ማርታ ይባላሉ። ግቢያቸው በቡና የተከበበ ነው፣ ከጓሮው ጎደሬና ሙዝ አለ። ደጃፋቸው ፊት ለፊት የተያየ ሁለት ቤቶች ነበሩ። አንዱ የእሳቸው፣ ሌላው የጣውንታቸው የእማማ ሣራ ነው። ባላቸው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሁለቱ ሴቶች ግን አልተለያዩም። አብረው ቡና ይለቅማሉ፣ ከአንድ ድስት ጎደሬ ይበላሉ፣ ጸሎት ቤትም ተያይዘው ይሄዳሉ። እኛ ስንደርስ እማማ ሣራ በቅርቡ ሞተው፣ አፈሩ ገና አልደረቀም ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ዝናብ እየዘነበ ገባን። እማማ ማርታ መሬት ላይ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ልብሳቸው አድፏል፣ ፀጉራቸው ማበጠሪያ አላየም፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። አንዲት ጎረቤት አጠገባቸው ተቀምጣ የተቀቀለ ጎደሬ እየቆረሰች ታጎርሳቸዋለች። እኛ በርጩማ ተሰጥቶን ተደርድረን ተቀመጥን። ከዚያ የተማርነውን ጥያቄ ማዝነብ ጀመርኩ።

«እማማ፣ ራስዎ ይታጠባሉ?»

«አልታጠብም።»

«ምግብ ያበስላሉ?»

«አላበስልም። ጎረቤት ነው።»

«እስቲ ተነሥተው እስከ በሩ ሄደው ይመለሱልኝ።»

«አልነሣም።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሣራ ከሞተች ሁለተኛ ገበያ ነው» አሉ። የላቦራቶሪው ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ቀኑን አያውቁም ብዬ ያዝኩ። ስንመጣ ግን መንገዱ ሁሉ ሙዝና ኮረሪማ ተሸክሞ ወደ ገበያ በሚሄድ ሰው ተሞልቶ፣ እኛው ራሳችን እየተጋፋን ነበር ያለፍነው። ገበያ ነበር፣ ሁለተኛውም ነበር። ከእኛ ይልቅ እሳቸው ቀኑን ያውቁት ነበር።

ልንወጣ ስንል ፊታቸውን ወደ በሩ መለስ አድርገው «ሣራ፣ እንግዶቹ ሊሄዱ ነው» አሉ። እኛ ተያየን። እኔ በልቤ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! ከሌለ ሰው ጋር ያወራሉ፣ አይታጠቡም፣ አይነሡም፣ ራሳቸውን አያበሉም። የፈለግኩትን ኬዝ አገኘሁ።

ጭቃውን እየረገጥን ስንመለስ የነርሲንጓ ሰሚራ ወደ ኋላ ቀርታ ጠበቀችኝ። «ሐዘን ላይ ናቸው እኮ» አለች። «ሐዘናቸው እስኪወጣ ለምን አንቆይም? ወይ ሌላ ቤት እንያዝ።»

«ለጣውንት ደግሞ እንዲህ ይታዘናል እንዴ?» አልኳት፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሁሉም ሳቁ። ሰሚራ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አባቴ የሞተ ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል መሬት ላይ ተኛች። አልታጠበችም። አላበሰለችም። የጎረቤት ሴቶች እየተፈራረቁ አጥሚት ያጠጧት ነበር። ሲመሽ ወደ ሱቁ ዞር ብላ አባቴን «በቃ ዝጋውና ና» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አበደች ያለ ሰው ነበር? አረጀች፣ ቤቷን ትልቀቅ ያለ ነበር? አልነበረም። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ እጁን ለጎረቤት ይሰጣል። ጎረቤት ያበስልለታል፣ ያጎርሰዋል፤ ሐዘኑ ልኩን ሲያገኝም ጎረቤት ራሱ መጥቶ «በቃ፣ ተነሥ» ይለዋል። እናቴንም አንድ ጠዋት መጥተው አነሷት። ታጠበች፣ ሱቁን ከፈተች፣ ሜትሯን ይዛ አቡጀዲ ትለካ ጀመር። ይህን አይቼ ያደግኩ ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

የባሰውን ገና አልነገርኳችሁም።

ሁለተኛውን ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። ለሌሎቹ የቀረ ጥያቄ አለኝ አልኩ እንጂ እውነቱን ለመናገር ሰሚራ ያለችው ነገር ውስጤ ገብቶ ይቆረቁረኝ ነበር። እማማ ማርታ በዚያው ሰሌን ላይ ናቸው። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፣ እጄን ያዙኝ። አማርኛ በጉልምስናቸው የለመዱት ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ እያነሡ እንደሚያስቀምጡ ሆነው ያወሩ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ አሁን ሐዘን ነኝ» አሉኝ። «ዳዊትን ስወልድ ታመምኩ። ጡቴ ደረቀ። ሣራ የእሷ ልጅ ሞቶ ነበር፣ ጡቷ ሞልቶ ነበር። ወሰደችው፣ አጠባችው። የእኔን ልጅ። ለሷ ካላዘንኩ ለማን አዝናለሁ?»

እጄን አልለቀቁም።

«ሐዘኔን ልጨርስ። ስጨርስ ነይ። ያኔ ቡናው ውስጥ እሄዳለሁ፣ ጎደሬ እቆፍራለሁ። ያኔ ጠይቂኝ። አሁን አትጠይቂኝ።»

«እሺ እማማ» አልኳቸው።

እሺ አልኩ። ስነሣ እሳቸውን ተደግፌ ነው የተነሣሁት፤ ክንዳቸው አልተንቀጠቀጠም። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲያወርድና እንጨት ሲሸከም የኖረ ክንድ ነበር። በዚያ ቀን ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ጤነኛ ናቸው፣ አዝነው ነው» ማለት እችል ነበር። ሰማሁ፣ ገባኝ፣ እሺ አልኩ። ከዚያ ወደ ሚዛን ተመልሼ ክፍሉ ፊት ቆምኩና ያንን የመጀመሪያውን ቀን ብቻ አወራሁ። ሐዘን የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ስለ እማማ ሣራ አንድም ነገር አልተናገርኩም። ከሌለ ሰው ጋር ያወራሉ አልኩ። ስጨርስ ተጨበጨበልኝ። ሰሚራ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታይ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ የተማሪ ቅጥፈት ነው ብላችሁ ትተዉኝ ይሆናል። አላበቃም። መምህራችን «እኔም ልያቸው» ብሎ ከእኛ ጋር መጣ። ስንደርስ አንድ ሰው ደጅ ቆሟል። ዳዊት ነበር፣ የእማማ ማርታ ልጅ፤ እማማ ሣራ ያጠቡት። ቴፒ ነው የሚኖረው፣ በአይሱዙ ቡና ያመላልሳል። ለቀብር መጥቶ ተመልሶ ነበር፣ ልቡ ግን አላስቻለውም። ኮፍያውን አውልቆ ወደ እኔ ቀረበ። ነጭ ጋውን ለብሻለሁ፣ ለእሱ ይኸው በቂው ነበር።

«ዶክተር» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም አላልኩም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናቴ የያዛት ሐዘን ነው ወይስ እርጅና? ሐዘን ከሆነ እተዋታለሁ፣ ጎረቤቶቿ ጥሩ ናቸው፣ ቤቷንም ትወዳለች። እርጅና ከሆነ ግን ብቻዋን ጥያት አልሄድም።»

አያችሁ አይደል? ይህ ሰው እኮ የሚጠየቀውን አውቆ ነው የጠየቀው። እኔና መምህሬ ከተማርነው መጽሐፍ ሁሉ ይልቅ ትክክለኛውን ጥያቄ አንጥሮ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። መልሱም እጄ ላይ ነበር። መልሱን እናቱ ራሳቸው እጄን ይዘው ነግረውኛል። ግን መምህሬ አጠገቤ ቆሟል። «ሐዘን ነው» ብል የዚያ ቀን ጭብጨባ ምን ሊሆን ነው? ክፍሉ ፊት ያወራሁት ምን ሊባል ነው?

«እርጅና ነው» አልኩት። «ሐዘን ሰውን እንዲህ አያደርግም። ብቻቸውን መኖር አይችሉም።»

መምህሬ ራሱን ነቀነቀ። ዳዊት ፊቱን ወደ ቡናው አዞረና አይኑን ጠረገ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ ቢሆን በወደድኩ። ወለምታ ሳያስቡት የሚመጣ ነው። እኔ አስቤበት፣ እናቴን መሬት ላይ ተኝታ በሐሳቤ እያየኋት፣ «ሐዘን ሰውን እንዲህ አያደርግም» አልኩ። የገዛ እናቴን ሐዘን ክጄ ነው የተናገርኩት።

በነጋታው ይዟቸው ሄደ። ጎረቤቶቹ እያለቀሱ ደግፈው አይሱዙው ጋቢና ውስጥ አስገቧቸው። እኔ የልብሳቸውን ጥቅልል ይዤ አቀበልኩ። እሳቸው አልጮኹም፣ አልታገሉም። ሐዘንተኛ እጁን ለሰው ሰጥቷል፤ የሚወስዱት ይወስዱታል። ጥቅልሉን ጭናቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው ብቻ አይናቸውን አነሱ።

«እሺ ብለሽኝ ነበር» አሉኝ።

መኪናው ሄደ።

ተመረቅኩ። የተመረቅኩበትን ፎቶ እናቴ ሱቁ ውስጥ ሰቅላው ነበር፤ ጋውን ለብሼ እስቃለሁ። የተወሰነ ዓመት ቱም በምትባል ከተማ ሠራሁ፣ ከዚያ ቴፒ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ቴፒ ሲሉኝ እማማ ማርታ እዚያ መሆናቸውን አስቤ ነበር፤ ዝውውሩን ግን አልመለስኩትም። ከተማው ሰፊ ነው፣ ማን ያገኘኛል ብዬ ነው መሰለኝ።

ዳዊት አገኘኝ። ካርድ ሊያወጣ ተሰልፎ አየኝና ከሰልፉ ወጥቶ እየሮጠ መጣ። «ዶክተር! እርስዎ ነዎት? እናቴን ያዩልኝ እርስዎ አይደሉም?» እጄን በሁለት እጁ ያዘ። በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ጠብቆ ቤቱ ወሰደኝ።

ክፉ ልጅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም። ከግቢው ጓሮ ሲሚንቶ የተለሰነ ክፍል ሠርቶላቸዋል፤ አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ፕላስቲክ ወንበር አለ። ሚስቱ በሰዓቱ ታበላቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች። «ምንም አታስነካት ብያለሁ» አለኝ በኩራት። ዶክተሯ አይችሉም ብላለችና እንጨት እንዳያነሡ፣ እሳት እንዳይጠጉ፣ ከግቢ እንዳይወጡ ተደርጎ ነበር። ዓመታት እንዲህ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ታጥፎ ቀርቷል፣ ክንዳቸው ሟሙቷል። በክፍሉ ፊት የተናገርኩትን ሁሉ ሆነው አገኘኋቸው።

አወቁኝ። ወዲያው አወቁኝ። ዳዊት ውሃ ሊያመጣልኝ ሲወጣ በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሐዘኔን ጨረስኩ» አሉኝ። «አሁን ጠይቂኝ።»

ምን ልበላቸው? ተንበርክኬ እግራቸውን መሳም ነበረብኝ። አልሳምኩም። «እማማ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አልኩ። እግዚአብሔር ያያል፣ ጠየቅኳቸው።

«ቅዳሜ» አሉ። «በእኛ አገር ዛሬ ገበያ ነው።» ስሜን ነገሩኝ። የአባቴን ሱቅ አማን የት እንዳለ ነገሩኝ፤ አንዴ አጫውቻቸው ኖሮ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ብርድ ልብሱን ገለጡ። እስከ በሩ ሄደው ሊመለሱልኝ ነው። ያን ቀን አልነሣም ያሉትን አሁን ሊያሳዩኝ ነው። ይህን ካለፍኩ ቤቴ ይመልሱኛል ብለው እንዳሰቡ ፊታቸው ላይ አየሁት። እጃቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ ተክለው ተነሡ። ግማሽ ቆሙ። ጉልበታቸው ከዳቸው፣ እኔ ላይ ወደቁ። አቀፍኳቸው። እንዲህ ይቀልላሉ ብዬ አልጠበቅኩም።

«ቆዪ» አሉኝ ደረቴ ላይ ሆነው። «ቆዪ፣ አትጻፊው። እንደገና እነሣለሁ።»

ዳዊት ውሃውን ይዞ ሲገባ እንዲያ ሆነን አገኘን። ብርጭቆውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና እናቱን ተቀብሎኝ አስተኛቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በሐዘን ፈገግ አለ።

«አዩ ዶክተር? ልክ ነበሩ» አለኝ።

ያኔም ዝም አልኩ። ስሙኝ፣ ያኔም ዝም አልኩ። መምህር አጠገቤ አልነበረም፣ ጭብጨባ የለ፣ ውጤት የለ። ልጅ ነበርኩ እንዳልል ልጅነቴ አልፏል። እማማ ማርታ ተኝተው እያዩኝ ነበር። ልጃቸው የተናገረውን ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ክረምቱ ሳያልፍ ሞቱ። ከሣራ አጠገብ ቅበሩኝ ብለው ነበር፤ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ቴፒ ተቀበሩ። ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ዳዊት መሬት ላይ ተቀምጦ ለሰዉ ሁሉ «ይቺ ዶክተር በጊዜ ባትነግረኝ ኖሮ እናቴ ብቻዋን ትሞትብኝ ነበር» ይል ነበር። ሰዉ መረቀኝ። ምርቃቱን «አሜን» ብዬ ተቀበልኩ።

አንዴ ወደ ሚዛን ስመለስ በዚያ ቀበሌ በኩል አለፍኩ። ሁለቱም ቤቶች የሉም። ቡናውን ቁጥቋጦ ውጦታል። ሾፌሩ ልቁም ወይ አለኝ፤ ንዳው አልኩት።

ዳዊት ዛሬም ቴፒ አለ። በየዓመቱ ከጫካ የተቆረጠ ማር ይልክልኛል። ልጆቼ ይወዱታል። ለምን አትነግሪውም ትሉኝ እንደሆነ፣ ሰላሙን እንዳልነሳው ብዬ ነው የሚል መልስ ነበረኝ። ጥሩ መልስ ይመስላል፤ እኔም ለብዙ ዓመት አምኜው ኖሬያለሁ። ግን እሱም እንደዚያኛው ቃል ነው፣ ለራሴ ስል የተናገርኩት። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር የምትለኝ ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሞታለች። ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ማሩን ይዤ ወደ ዳዊት ቤት መሄድ አለብኝ። ደጅ ቆሞ ኮፍያውን አውልቆ የጠየቀኝን ጥያቄ ያኔ መመለስ እንደነበረብኝ እመልስለታለሁ።

ሐዘን ነበር አቶ ዳዊት። እርጅና አልነበረም። ሐዘን ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር።